«ምልክት ሰጥቼው ነበር»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። አንዱ ስለ ፍሬቻ፣ ሌላው ስለ ክሬን፣ ሌላው ስለ ትያትር፣ ስለ ድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ)፣ ስለታመመ ልጅ ይጠይቃል። በሁሉም ውስጥ ግን «ምልክት» የሚለው ቃል ይመላለሳል። ከአደጋም ሆነ ከጠብ በኋላ ቶሎ የሚሰማው ንግግር «ምልክት ሰጥቼው ነበር» ነው፤ ሰጪው እውነቱን ነው፣ ተቀባዩም የገባው ሌላ ነው። ስለዚህ መልሶቻችንን ስናዘጋጅ በየደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጠይቀናል፦ ይህን ምልክት ያየ ወይም የሰማ ሰው ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እሠራለሁ። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ከፊቴ ያለው ከባድ መኪና የግራ ፍሬቻ ያበራልኛል። ግማሹ ሾፌር «እለፍ ማለቱ ነው» ይላል፤ ግማሹ «አትለፍ፣ መኪና እየመጣ ነው ማለቱ ነው» ይላል። የትኛው ነው ልክ?
(አሽከርካሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሕጉ የሚያውቀው የፍሬቻ ትርጉም አንድ ነው፦ «ወደዚህ ጎን ልዞር ወይም ልወጣ ነው»። «እለፍ»ም «አትለፍ»ም ሾፌሮች እርስ በርስ የፈጠሩት ቋንቋ ነው፤ እንዲህ ያለ ቋንቋ ደግሞ ከመስመር መስመር ይለያያል። ብዙዎች ቀኙን «ጥጌን ይዣለሁ፣ እለፍ»፣ ግራውን «ቆይ፣ ፊት ለፊት አለ» ለማለት ያበሩታል። ገልብጦ የሚጠቀምበትም አይጠፋም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ለእርስዎ ምንም ሊነግር ያላሰበው ነው። ከፊቱ የተበላሸ መኪና ቆሞበት፣ እሱን ለማለፍ በእውነት ወደ ግራ ሊወጣ ነው ፍሬቻውን ያበራው። አንድ መብራት ሦስት ትርጉም ይዞ፣ ከሦስቱ በሁለቱ ማለፍ መጋጨት ነው። ስለዚህ ግራ ፍሬቻ ባዩ ቁጥር አይለፉ። ቀኝ ፍሬቻም ቢሆን ፈቃድ አይደለም፤ ሰውየው ሊቆምም ይችላል። ደግሞ እሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ መንገዱን ያያል እንጂ የእርስዎ መኪና ስንት ሰው እንደጫነና ዳገቱን በምን ጉልበት እንደሚጎትት አያውቅም።

ሒሳቡን ይሥሩት። ተሳቢው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየወጣ፣ እርስዎ በ40 ቢያልፉት፣ የምትበላለጡት በ20 ብቻ ነው፤ ይህም በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ተሳቢው 18 ሜትር፣ ከኋላውና ከፊቱ የሚተውት ክፍተት አሥር አሥር ሜትር፣ የራስዎ መኪና 5 ሜትር ቢሆን 43 ሜትር መብለጥ አለብዎት። ይህ 8 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ8 ሰከንድ እርስዎ 89 ሜትር ይሄዳሉ፤ ከላይ የሚመጣውም በ40 ከሆነ 89 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ለመጀመር ብቻ 180 ሜትር ያህል ባዶ መንገድ በዓይንዎ ማየት ያስፈልጋል፤ ወራጁ ከ40 በላይ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ሐረጎ ላይ ይህን ያህል ቀጥ ብሎ የሚታይ ቦታ ስንት እንደሆነ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ረጅሙን መብራት ብልጭ ማድረግም ያው ነው። አንዱ «ቅድም፣ እለፍ» ሲል ያበራል፤ ሌላው «እኔ እየመጣሁ ነው፣ ቁም» ሲል ያበራል። ሁለቱ ጠባብ ድልድይ ላይ ከተገናኙ ሁለቱም ይገባሉ። መብራቱን ትተው የመኪናውን ጎማ ይዩ፤ ፍጥነት ካልቀነሰ አልለቀቀልዎትም።

ሁለት ነገር እንጨምር። ጉም ሲወርድ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መንዳት የተለመደ ሆኗል፤ እኛ አንደግፈውም። ከኋላ ያለው ቆመዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል፣ ወደ ጎን ሲወጡም ፍሬቻዎ ከሌላው አይለይም። በጉም ጊዜ አጭሩን መብራት ያብሩ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ነጥሮ ራስዎን ነው የሚያሳውር። ሁለተኛው፣ መኪና ሲበላሽ የሚደረደረው ድንጋይና ቅጠል ነው። ቅጠሉም ሆነ ባለ ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ከጠመዝማዛው በፊት ይቀመጥ፤ ከጠመዝማዛው በኋላ መኪናው ሥር ቢያስቀምጡት የሚያየው ሰው ፍሬን ለመያዝ ጊዜ የለውም። ሲነሡ ደግሞ ድንጋዩን ያንሡ። ማታ ላይ ያ ድንጋይ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ራሱ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ስወርድ በየጠመዝማዛው ላይ ዳሽቦርዴ ላይ ቀይ የፍሬን መብራት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሜዳ ላይ አይበራም። መካኒክ «ሽቦ ነው» አለኝ። የቀኝ ፍሬቻዬ ደግሞ ከግራው ይፈጥናል።
(የታክሲ ባለንብረት፣ ደሴ)

መልስ፦ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የፍሬን ዘይቱን ይዩ። በዘይት መያዣው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ዘይቱ ዝቅተኛው መስመር አጠገብ ሲደርስ፣ መኪናው ሲያጋድል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ተንሳፋፊው ወርዶ መብራቱን ያበራል። ሜዳ ላይ ተመልሶ ይስተካከላል። ስለዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ይህን ብልሽት ከሜዳ ቀድሞ ያሳያል።

ዘይት ጨምሮ መብራቱን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ስህተቱም እሱ ነው። ዘይቱ የሚጎድለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መፍሰስ ነው፦ ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል፣ ቱቦዎቹን፣ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ እርጥበት እንዳለው ይዩ። ሁለተኛው የፍሬን ሸራ ማለቅ ነው፦ ሸራው ሲሳሳ የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣና ዘይቱ የተለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ይወርዳል። ያለቀ ሸራ ላይ ዘይት ከሞሉ፣ አዲስ ሸራ ሲገባ ዘይቱ ገንፍሎ ቀለም ያበላሻል። መጀመሪያ ሸራ፣ ቀጥሎ ዘይት።

ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ በፔዳል ብቻ ከያዙ ዘይቱ ይግላል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ደግሞ አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው። የፔዳል መላላትና የተቃጠለ ሽታ ከመብራቱ በላይ የሚታመኑ ምልክቶች ናቸው፤ ዳሽቦርዱ ሙቀቱን አያውቅምና። ከተሰማዎት በከባድ ማርሽ ሆነው ጥግ ይያዙ፣ ይቁሙ፣ በራሱ እስኪበርድ ይጠብቁ። ውሃ አያፍሱበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

የፍሬቻው ነገር ቀላል ነው። ጤነኛ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይበራል። አንዱ ጎን ሲፈጥን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ካሉት አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል፤ የፊቱን፣ የኋላውንና የጎኑን ዞረው ይዩ። አምፖሉ ደህና ከሆነ የተቀመጠበትን ዝገትና ከአካሉ ጋር የታሰረውን ሽቦ ይዩ። በቅርቡ ኤልኢዲ አስገብተው ከሆነ ግን ብልሽት የለም፤ የድሮው አምፖል 21 ዋት ይስብ ነበር፣ አዲሱ ጥቂት ስለሚስብ ፍሬቻውን የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ (ሪሌው) አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የተሠራ የፍሬቻ ሪሌ ይቀየርለታል። የፈጠነው ፍሬቻ ራሱ ለእርስዎ የተላከ ምልክት እንደሆነ ግን አይርሱ፤ ከውጭ የሚያዩት ሰዎች አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ለሁሉም ነገር «ምልክት» ብለው ይጽፋሉ። ጥቅሻም፣ ፍንጭም፣ ማስጠንቀቂያም፣ ዱካም ለእነሱ ምልክት ነው። አንዱ ደግሞ «አምልኮ»ና «ምልክት» ከአንድ ቃል የወጡ ናቸው ብሎ ተከራከረኝ። እንዴት ላስረዳቸው?
(የአማርኛ መምህርት፣ ደሴ)

መልስ፦ ከክርክሩ እንጀምር። አምልኮ፣ አመለከ፣ አምላክ አንድ ቤት ናቸው፤ ሥራቸው መ-ለ-ከ ነው። ምልክት ግን ከአመለከተ ነው፤ «ተ»ዋ የሥሩ አካል ናት። የዚህ ቤት ልጆች ብዙ ናቸው፦ ተመለከተ፣ ተመልካች፣ አመላካች፣ ማመልከቻ፣ አመልካች። ወረዳ ቢሮ በር ላይ ወረቀት ይዞ የቆመውም አመልካች ነው፤ በሰዋስው መጽሐፍ «ብዙ ቁጥር አመልካች» የምትባለው «-ኦች»ም አመልካች ናት። አንዱ ጉዳዩን ያሳያል፣ ሌላዋ ቁጥሩን።

ለክፍል የሚሆን መለያ ሁለት ጥያቄ ነው። ሆን ብሎ ያደረገው ሰው አለ? ካለስ ለማን ነው? ዱካና ጠባሳ ማንም ሆን ብሎ ያልተዋቸው፣ ያየ የሚተረጉማቸው ናቸው። አሻራ ሁለቱም ቦታ አለ፦ ሌባ ሳያስበው ይተወዋል፣ ባለጉዳይ ቀለም ነክሮ ያኖረዋል። ጥቅሻ ሆን ተብሎ ለአንድ ሰው ነው፤ ከአጠገቡ ያለው እንዳያይ ተብሎ። ጥቆማ ስለ ሦስተኛ ሰው ወይም ነገር ለሌላ የሚሰጥ ነው፤ ፖሊስ «ጥቆማ ደረሰን» የሚለው ለዚህ ነው። ፍንጭ ሙሉውን ሳይናገሩ ጥጉን ማሳየት ነው፤ ከሰው ሊመጣ ይችላል፣ ከነገሩም ሊገኝ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከኋላው «አለበለዚያ» ያለበት ነው። ነጋሪት ሲጎሰም የሰማ ሁሉ «አዋጅ ልሰማ ነው» ብሎ ይሰበሰብ ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣም ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ ተሰየመ፤ ከበሮው ቀርቶ ስሙ ወረቀት ላይ ወጣ።

መልመጃ ከፈለጉ፦ አሥር ዓረፍተ ነገር ይስጧቸው፣ በሁሉም ውስጥ «ምልክት» ይኑር፤ እነሱ በጠባቡ ቃል ይተኩት። «በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ» ቶሎ «ጠቀሰኝ» ይሆናል። «የመንገድ ምልክት» ግን አይተካም፤ አለመተካቱም ትምህርት ነው። ምልክት ሰፊ ቃል ስለሆነ አይጠፋም፣ ተማሪው ግን በስንፍና እንዳይጠቀምበት ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኮንቴይነር በክሬን እናወርዳለን። ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል፣ እጅ ያወናጭፋል። የክሬኑ ሰው የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መደበኛ ምልክት አለው ወይ?
(የጭነት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው፤ በብዙ አገር ተመሳሳይ ስለሆነ ቋንቋ አይጠይቅም። ከምልክቶቹ በፊት ግን ደንቡ። ምልክት ሰጪ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ያለው ሰደርያ ይልበስ። ጭነቱንም የክሬኑን ሰውም በአንድ ጊዜ በሚያይበት፣ ጭነቱ ቢወዛወዝ በማይደርስበት ቦታ ይቁም። የክሬኑ ሰው ምልክት ሰጪውን ካላየው ያቆማል፤ «ትንሽ ቀርቶታል» ብሎ አይቀጥልም። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፦ «ቁም» የሚለውን ማንም ቢሰጥ ይከበራል።

አሁን እጁ። «አንሳ» ለማለት ክንድ ከክርን ታጥፎ ወደ ላይ ይቆማል፣ ሌባ ጣት ወደ ሰማይ፣ እጅ ትንንሽ ክብ ይሠራል። «አውርድ» ለማለት ክንድ ወደ ታች ይዘረጋል፣ ሌባ ጣት ወደ መሬት፣ ያው ክብ። «ቁም» አንድ ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ መሬት ሆኖ፣ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በሁለት ክንድ ከተደረገ «አሁኑኑ ቁም፣ አደጋ ነው» ማለት ነው። «ቀስ ብለህ» ለማለት አንዱ እጅ ምልክቱን ሲሰጥ ሌላው እጅ ከበላዩ ሳይንቀሳቀስ ይያዛል። ሥራው ሲቆም ወይም ሁሉም ባለበት ይጠበቅ ሲባል ሁለት እጅ ከደረት ፊት ይጨባበጣል።

እኛ አገር የሚፈጠረው ችግር «ና» ነው። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን ጣቶቻችንን እናወዛውዛለን። ከሩቅ፣ ከላይ ለሚያይ የውጭ ሰው ይህ «ቁም» ወይም «ዝቅ አድርግ» ይመስለዋል፤ ለአገሩ ሰው ደግሞ መደበኛው «ቁም» «ና» ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር፣ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር፣ ምልክት ሰጪውና የክሬኑ ሰው መሬት ላይ ተያይተው ስድስቱን ምልክቶች አንድ ጊዜ ይለዋወጡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ሲነሳ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያስነሡትና «ቁም» ይበሉ። ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ ገመዱ ከተጣመመ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት መቆለፊያዎች አንዱ ካልያዘ የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሥሩ አይገባም። ጓንትዎ ጥቁር ከሆነ ጣት አይታይም፤ ደማቅ ቀለም ያለው ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የትያትርና ሚኒ ሚዲያ ክበብ እመራለሁ። ልጆቹ ቃላቸውን ያውቁታል፤ የሚያጠፉት ግን መግቢያቸውን ነው። ወይ ይቀድማሉ ወይ ይዘገያሉ። ድምፅና መብራት የያዙትም እንዲሁ።
(መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ ልጆቹ «እሱ ሲጨርስ ግባ» ተብለው ከሆነ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የሰው ንግግር የሚያልቀው «ነው»፣ «አለ»፣ «አይደለም» በሚሉ ቃላት ነው። በአንድ ገጽ ላይ «ነው» አሥር ጊዜ ይመጣል። የመጨረሻዋን ቃል የሚጠብቅ ልጅ በመጀመሪያው «ነው» ይገባል ወይም በሁሉም ይጠራጠርና ይቀራል። ስለዚህ መግቢያው የመጨረሻዎቹ አራት ወይም አምስት ቃላት ይሁኑ፤ ከእነሱ ውስጥ አንዱ በዚያ ትዕይንት ሌላ ቦታ የማይገኝ ስም ይሁን። «...የአባቴ በቅሎ የት አለ» ከሆነ ልጁ «በቅሎ» ሲሰማ ይነሣል፣ «አለ» ሲባል ይገባል። ከመጋረጃ እስከ መታያው ሦስት እርምጃ ካለ፣ ሦስቱንም እርምጃ ንግግሩ ሳያልቅ ይራመድ፤ አለበለዚያ መድረኩ ባዶ ይሆናል።

ጽሑፉን በገጹ አንድ ጎን ብቻ ያትሙት፤ ባዶው ጎን ለምልክት ነው። በየመግቢያው ሁለት መስመር ይጻፍ። የመጀመሪያው «ተዘጋጅ» ነው፤ ከመግቢያው ግማሽ ገጽ ያህል ቀድሞ ይቀመጥ፣ ይህም 30 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሁለተኛው «ሂድ» ነው። መብራቱን በፊደል (መብራት ሀ፣ መብራት ለ)፣ ድምፁን በቁጥር (ድምፅ 1፣ ድምፅ 2) ይሰይሙ። ሁለቱንም በቁጥር ካደረጉ «ሦስት!» ሲባል ነጎድጓድ መጥቶ መብራት ይቀራል። ሲጠሩ ስሙ ይቀድማል፣ «ሂድ» መጨረሻ ይመጣል፦ «ድምፅ 4... ሂድ»። «ሂድ» የሚለው ቃል ከመጋረጃ ጀርባ ለሌላ ነገር አይነገር። «አሁን ሂድ ልልህ ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ልጁ «ሂድ»ን ሰምቶ ይጫነዋል።

«ተዘጋጅ» የተባለው ሰው መልስ ይስጥ፤ «ተዘጋጅቻለሁ» ይበል ወይም እጁን ያንሣ። መልስ ያልመጣለት «ተዘጋጅ» እንዳልተሰጠ ይቆጠር። ማዳመጫ ከሌላችሁ ሁለት የእጅ ባትሪ ይበቃል፤ በአንዱ ላይ ቀይ፣ በሌላው ላይ አረንጓዴ ላስቲክ ይታሰር። ቀይ ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ ሂድ። ከተመልካች በማይታይ ጥግ፣ ወደ መሬት ያብሩት። በስልክ መልእክት አትሞክሩት፤ አንዳንዱ ከትዕይንቱ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ቃል ለሚረሳ ልጅ ከጀርባ የሚያቀብለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያንብብ፤ የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ ሁለት ቃላት ይበል፣ ያቁም። ዝም ያለውን ሁሉ ረስቷል ብሎ እንዳይቀድም ደግሞ፣ ሆን ተብሎ ዝም የሚባልባቸው ቦታዎች ጽሑፉ ላይ ምልክት ይኑራቸው።

ጥያቄ፦ ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት ምልክት ይባላሉ። ሙዚቃ የተማረ ጓደኛዬ «ይህ ኖታ ነው፣ ካነበብኩት እዘምረዋለሁ» ይላል። እውነት ነው?
(የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጓደኛዎ አይዘምረውም። የአውሮፓ ኖታ የድምፁን ከፍታና ርዝመት ለማያውቅ ሰው ይነግራል። የድጓ ምልክት የሚሠራው ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከታወቀ የዜማ ሐረግ ተቆርጦ ይወሰድና አዲሱ ቃል ላይ ይጻፋል፤ ያን ሐረግ ከመምህሩ አፍ የተማረ ሰው ፊደሉን ሲያይ ዜማው ይመጣለታል። ያልተማረው ፊደሉን ያነባል እንጂ ዜማውን አያገኘውም። ከፊደላቱ ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ፣ በኋላም የተጨመሩት ድርስና አንብር አሉ፤ እነዚህ ድምፁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚረግጥ፣ እንደሚቆረጥ ይናገራሉ። አንዱ ምልክት በሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ ያው አይደለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በየትኛው ዜማ እንደሆነ ይታወቅ።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። በፊደል መጻፉን ግን ትውፊቱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጠዋል። ለመማር ከፈለጉ መጽሐፉን ብቻ ገዝተው አይቀመጡ። ቃሉን መምህሩ ያዜሙታል፣ እርስዎ ይቀበላሉ፣ በቃልዎ ሲይዙት ብቻ ምልክቱን ይመለከታሉ። በተቃራኒው የጀመረ ሰው ስህተት የሆነ ዜማ ከምልክት ጋር ያያይዝና ማላቀቁ ከመማሩ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ጉንፋን ሲይዘው ጤና ጣቢያ «ምልክቱን አይተሽ ነይ» ይሉኛል። የትኛውን ምልክት?
(እናት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቁጥር ስላለው በቁጥር እንንገርሽ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ በተረጋጋበት ጊዜ ልብሱን ገለጥ አድርጊና ሆዱና ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ በሕፃን አይሠራም፤ አተነፋፈሱ እኩል አይሄድም። ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ 50፣ ከ2 ወር በታች ላለ 60 ነው። ፈጣን ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

ሳትቆጥሪ የምትሮጪባቸው ደግሞ አሉ፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲጠሩት አለመንቃት ወይም ከልክ በላይ መድከም፣ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት። ከእነዚህ አንዱ ብቻ በቂ ነው፤ ሌላው እስኪጨመር አትጠብቂ።

ስትነግሪያቸው ያየሽውንና የገመትሽውን ለይተሽ ተናገሪ። «ሳንባ ይዞታል» ግምት ነው። «ትናንት ማታ 46 ቆጠርኩ፣ ጠዋት ጡት እምቢ አለ» ምልክት ነው፤ ሐኪሙ የሚሠራበትም እሱን ነው።

አጫጭር ጥያቄዎች

«ቃለ አጋኖ ተገልብጦ ያየሁት የማተሚያ ስህተት ነው?» አይደለም። «¡» ትእምርተ ሥላቅ ነው፤ የተጻፈው በፌዝ እንደሆነ ያመለክታል። ትእምርት በግዕዝ ምልክት ማለት ነው፤ ትእምርተ ጥያቄ፣ ትእምርተ ጥቅስ እንደሚባለው። ብዙ የስልክ ኪቦርዶች ላይ «!»ን ተጭነው ቢያቆዩት ይወጣል። ቢለመድ ስንት የፌስቡክ ጠብ ይቀር ነበር።

«ለኮምፒውተር የምንሰጠው ‹ፕሮምፕት› በአማርኛ ምን ይባላል?» እንደሥራው ነው። ኮምፒውተሩ ብልጭ እያለ እንድትጽፉ የሚጠብቅበት ቦታ ጠቋሚ ነው። እናንተ የምትጽፉለት፣ አድርግ የምትሉት ከሆነ ትእዛዝ፣ የምትጠይቁት ከሆነ ጥያቄ። «መጠይቅ» አትበሉት፤ እሱ በጥናት ጊዜ የሚሞላው ቅጽ ነው። ፕሮምፕት ብሎ መተውም አያስወቅስም፤ ፍሬቻም ከጣልያን መጥቶ ነው የእኛ የሆነው።

«ስልኬ ላይ ሁለት ዘንግ፣ የጓደኛዬ ላይ አራት ዘንግ ኔትወርክ ያሳያል፤ ስልኬ መጥፎ ነው?» ዘንጎቹን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መለኪያ ነው የሚሥላቸው፤ በሁለት ስልክ መካከል አይወዳደሩም። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ስለ ሲም የሚገልጸው ገጽ ላይ በዲቢኤም (የኔትወርክ ጥንካሬ መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን አወዳድሩ፤ ከዜሮ በታች ስለሆነ -75 ከ-105 ይሻላል። ደሴ ላይ ከጦሳ ሥር ያለ ቤት ከግድግዳው ይልቅ ተራራው ሊጋርደው ይችላል፤ መስኮት ከመቀየራችሁ በፊት ጎን መቀየር ሞክሩ።

«ከወንድሜ ጋር ሚስኮል ምልክት አድርገናል፤ አንድ ጊዜ ከጮኸ ደርሻለሁ ማለት ነው። ባለፈው ሳይደርስ ጮኸ፣ ተደናገጥን።» አብሽሩ። አንድ ጩኸት በኪስ ውስጥ በስህተትም ይሆናል፣ ኔትወርክ ተቋርጦም ይሆናል። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሁን፣ ተቀባዩም አንድ ጊዜ መልሶ ሚስኮል ያድርግ። መልሱ ካልመጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይደገም፤ ያም ካልተመለሰ ይደወል።